እማማ መቀስ አልወደቁም

ሳጅኗን ጣቢያው ሁሉ የሚጠራት በስሟ አይደለም፤ «ማስመሪያ» ነው የሚሏት። ደረት ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት አጭር የፕላስቲክ ማስመሪያ ስለማትጠፋ ነው። አዛውንት ተበደሉ፣ ራሱን መከላከል የማይችል ሰው ተጎዳ የሚል ጥቆማ ሲመጣ የምትላከው እሷ ናት። የበለዘው ገላ አጠገብ ማስመሪያዋን ታስጠጋና ፎቶ ታነሳለች፤ መጠኑ ከፎቶው ላይ እንዲነበብ። ባልደረቦቿ ታዲያ አፋቸው አያርፍም፣ «ማስመሪያ፣ እስቲ ለምሳ ስንት ሴንቲ ቀረን?» እያሉ ይለክፏታል። እሷም አትተኛላቸውም። «ላንተ ሆድ ማስመሪያ አይበቃም፣ ገመድ ነው የሚያስፈልገው» ብላ ኩም ታደርጋቸዋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን ስልክ አንስታ ሳለ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጥፍት አለ።

የደወለችው አንዲት ፋርማሲስት ናት። «ከመድኃኒት ቤቴ ፊት ለፊት የሚኖሩ ልብስ ሰፊ አሉ፤ ሰፈሩ እማማ መቀስ ነው የሚላቸው» አለች። «ይኸው ከሁለት ወር በላይ ሆነ ደጅ አልወጡም። አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ሲወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፍባቸዋል። ትናንት በመስኮት እጃቸውን ሲያውለበልቡልኝ እጅጌያቸው ወረደና ክንዳቸውን አየሁት። ጠቁሯል። እሱ ደግሞ ሐሙስ ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ልወስዳት ነው እያለ ያወራል። ከሄዱ በኋላ ማን ያገኛቸዋል?»

ሳጅኗ አድራሻውን መጻፍ ጀምራ ብዕሯ መሀል ላይ ቆመ። ቤቱን ታውቀዋለች። ከሁለት ወር በፊት በሰፈሩ ሰው ጥቆማ ሄዳበታለች፣ መዝገቡንም ራሷ ናት የዘጋችው።

ያን ቀን ሦስት ቤት መድረስ ነበረባትና ቸኩላለች። የወንድምየው ልጅ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ወንበር ሳበላት፣ ውኃ አቀረበላት። «እማማ፣ ክንድዎን ምን ሆኑ?» ስትል እሱ ከአፏ ነጥቆ «ወደቀች፣ ምን እናድርግ፣ እርጅና ነው» አላት። ሴትየዋ ዝም አሉ። ሳጅኗም «ወደቅኩ ብለዋል» ብላ ጽፋ ወጣች። እንግዲህ ተመልከቱ! ተበደለ የተባለን ሰው ለብቻው አነጋግሩ የሚለውን ደንብ ትናንት የተቀጠረ ምልምል እንኳ በቃሉ ይወጣዋል። ስንቱን አሠልጥና፣ ስንቱን ገሥጻ፣ ራሷ እዚያች ላይ ተሳሳተች። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላስታወሰችውም ነበር።

ካሜራዋን፣ ቅጿን፣ ማስመሪያዋን ይዛ ወጣች።

በሩን የከፈተው እሱው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተላጨ፣ ያው ፈገግታ። «ኧረ ግቡ ግቡ፣ እንኳን ደህና መጡ! ደግሞ ምን ተባልን?» አለ። ጓጉንቸሩ ከውጭ በኩል ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሳጅኗ አየችውና ምንም ሳትል ገባች።

ክፍሉ ጠባብ፣ ንጹሕ ነው። የእግር ስፌት መኪናው ጥግ ተገፍቶ ቴሌቪዥን ተጭኖበታል። እማማ መቀስ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኑ የሚያቃጥል ነው፣ እሳቸው ግን እጅጌው እስከ መዳፋቸው የሚደርስ ሹራብ ለብሰዋል። አጠገባቸው አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ቀስ ብላ ታወራለች። ሳጅኗ ስትገባ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ገረመሟት። ሰላምታዋንም አልመለሱም።

«ትረሳለች» አለ የወንድማቸው ልጅ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ሹክሹክታ። «ደግሞ ትወድቃለች። በሩን የምቆልፈው ወጥታ እንዳትጠፋብኝ ነው። እናቴ ማለት እኮ ናት!»

«እሳቸውን ለብቻቸው ላነጋግር እፈልጋለሁ» አለች ሳጅኗ።

«እኔ ከሌለሁ ትደነግጣለች። ይጠይቋት፣ እኔ ዝም እላለሁ።»

ዝም እላለሁ ይበል እንጂ ንቅንቅ አላለም፣ ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ። ሳጅኗ ልታስወጣው ሥልጣኑ ነበራት። በግድ ካስወጣችው ግን ሴትየዋ ማታ የሚቀሩት ከእሱ ጋር ነው። ምን ብዬ ላስወጣው እያለች ስታወጣ ስታወርድ፣ ካለወትሯቸው እማማ መቀስ ተናገሩ።

«ያንን ጃኬት ማን ነው የሰፋልሽ?»

ሳጅኗ ጃኬቷን አየች። «መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠን፣ እማማ።»

«ግራ ትከሻው ወርዷል። ብብትሽ ጋ ይይዝሻል አይደል? እስቲ እጅሽን አንሺ። ይኸው! ሆድሽ ታየ። እንዲህ ሆነሽ ነው ሌባ የምታባርሪው?»

«አክስቴ!» አለ ልጁ እየሳቀ። «ፖሊስ እኮ ናት።»

«ፖሊስ ብትሆንስ! ሳየው ዓይኔን አመመኝ፤ ልኬት እወስዳለሁ። አንቺ፣ አውልቂ። ሸሚዙንም አውልቂ፣ በሸሚዝ ላይ ልኬት አልወስድም። አንተ ደግሞ ውጣ!»

«እዚሁ ዞር ብዬ…»

«ምን ዞር ብሎ ነገር አለ! የሰው ልጅ ራቁቷን ስትሆን እዚህ ተገትረህ ልታይ ነው? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩህ? ኧረ ነውር እወቅ! ጎረቤት ቢሰማ ምን ይላል?»

ሳጅኗ ነገሩ ገባት። ሳታቅማማ የጃኬቷን የመጀመሪያ ቁልፍ ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች፣ ወደ ሦስተኛው ስትሄድ ልጁ እስከ ጆሮው ቀልቶ ሹልክ ብሎ ወጣ። እማማ መቀስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩትና ሜትራቸውን ከመኪናው መሳቢያ አወጡ። ትረሳለች የተባሉት ሴትዮ ሜትሩን ለማግኘት አንዴም አልዳበሱም።

ሜትሩን በሳጅኗ ትከሻ ላይ ዘርግተው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ያኔም አንቺ ነሽ የመጣሽው።»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ከእኔ አፍ ሳይሆን ከእሱ አፍ ጻፍሽኝ።»

ሳጅኗ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ይቅርታው ይቆየን። አሁን ጻፊ። ትከሻ አርባ አንድ!» ሲሉ ጮኹ፣ በሩ ወዲያ የቆመው እንዲሰማ። ከዚያ መልሰው በሹክሹክታ፣ «አልወደቅኩም። አንድም ቀን አልወደቅኩም። ቤቱን በስሜ አድርጊልኝ ይለኛል፣ እምቢ እለዋለሁ። ልውጣ ብዬ ወደ በሩ ስሄድ ሁለት ክንዴን ጨብጦ እንደ ጥቅል ጨርቅ ያነሳኝና ወንበሩ ላይ ይጥለኛል። ደረት ዘጠና ስድስት! ሐሙስ ሊወስደኝ ነው፣ የት እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም።»

ሳጅኗ በውስጥ ልብሷ ቆማ፣ ደብተሯን ከግድግዳ አስደግፋ ትጽፋለች። እጇ ልማዱ ሆኖ «ግለሰቡ በተበዳይ ላይ በተደጋጋሚ አካላዊ…» ብሎ ጀመረ። እማማ መቀስ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አነበቡትና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእርስዎን ቃል ነው… በቢሮ አማርኛ።»

«ዛሬም በሰው አፍ ልትጽፊኝ ነው? ጥቅል ጨርቅ ነው ያልኩት፣ ጥቅል ጨርቅ ብለሽ ጻፊ። ወገብ ሰማንያ… ኧረ አንቺ ልጅ፣ ምሳ ቀንሺ፣ ሰማንያ ስምንት!»

ሳጅኗ ሳቋን በመከራ ዋጠችው። መስመሩን ሰረዘች፣ ፊርማዋን ጎኑ ላይ አኖረች፣ «እንደ ጥቅል ጨርቅ ያነሳኝና ወንበሩ ላይ ይጥለኛል» ብላ ጻፈች። እማማ መቀስ አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሹራባቸውን አወለቁ፣ እና ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንዳቸውን በቅጡ አየችው። ከሁለቱም ክርን በላይ፣ ከፊት አራት ከኋላ አንድ፣ የጣት ቅርጽ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ምልክት አለ። ሥራዋ ነውና ብዙ አይታለች፤ አንጀቷን በላት ግን።

ማስመሪያዋን አስጠግታ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። ቀጥላ ቅጿን ዘረጋች፤ ከፊትና ከኋላ የሰው ቅርጽ የታተመበት፣ የተጎዳው ቦታ ምልክት የሚደረግበት ወረቀት ነው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ሰው ነው፣ እማማ። የበለዘበትን ቦታ የምናመለክትበት።»

«ሰው? አንገት የለውም እኮ! ትከሻው ደግሞ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ለዚህ ሰውዬ ምን ቢሰፉለት ያምርበታል? ቆይ እኔ ላሳይሽ።»

ከአልጋው ሥር አንድ የተጠቀለለ ወረቀት ጎትተው አወጡና ወለሉ ላይ ዘረጉት። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ከመቁረጡ በፊት መጀመሪያ በወረቀት ቆርጦ የሚያወጣው ልክ ነው፤ ቤቱ በዚህ የተሞላ ነው፣ ሣጥኑም፣ የአልጋው ሥርም። እነዚህ ግን አምስት እጅጌና ሁለት ጀርባ፣ ሁሉም በእማማ መቀስ በራሳቸው ልክ የተቆረጡ ናቸው። በየእጅጌው ላይ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ምልክት አለ፤ የበለዘው አዲስ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲከርም ቢጫ። በምልክቱ አጠገብ ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት ቀኑ ተጽፏል። «ሰኞ፣ በቀኝ፣ ከክርን ሁለት ጣት ከፍ ብሎ። ወደ በር ስሄድ።» «ዓርብ፣ ጀርባ፣ ወንበሩ እጀታ ላይ ሲጥለኝ።»

ሳጅኗ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቀኑን ከየት ያገኙታል?»

«ሬዲዮኗ ናታ! በየጠዋቱ ቀኑን ትነግረኛለች። እሱ እነዚህን ወረቀቶች በየቀኑ ይረግጣቸዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያያቸው ስላደገ ዓይኑ ውስጥ አይገቡም። አንቺም ጽፈሽኝ ከሄድሽ በኋላ ሌላ ሰው እስኪመጣ ምን ላድርግ? የማውቀው ይሄንን ነው፣ በማውቀው ጻፍኩት።»

በሩ ተንኳኳ። «አላለቀም እንዴ?»

«ገና ዳሌ ላይ ነን!» ብለው እማማ መቀስ ጮኹ። «ይቺ ልጅ ዳሌዋ ብዙ ነው!»

ሳጅኗ እየሳቀች፣ እንባዋም እየመጣ፣ ሰባቱንም ወረቀት ከማስመሪያዋ ጋር ፎቶ አነሳች። ከዚያ ለብሳ፣ ቁልፎቿን ቆልፋ፣ በስልክ አለቃዋን ኢንስፔክተሩን ጠራች። በሩን ስትከፍተው ልጁ ፈገግታውን እንደያዘ ነበር። ወረቀቶቹን በእጇ ሲያይ እንዲያውም ከት ብሎ ሳቀ፤ «ይሄማ የልብስ ልክ ነው፣ ቤቱን ያጣበበ…» ብሎ ጎንበስ አለ። ቀኖቹን አነበበ። ሳቁ እዚያው ደረቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሁለት ፖሊሶች መጡ፣ ጓጉንቸሩ ከነቁልፉ ፎቶ ተነስቶ ከረጢት ውስጥ ገባ፣ ልጁ ወደ ጣቢያ ተወሰደ። እማማ መቀስን ያየው ሐኪም የቁስሉ ቀለም ብቻውን ቀን አይናገርም፤ አራት ጣትና አውራ ጣት ግን ሰው ወድቆ አያገኘውም ብሎ ጻፈ። የማስታወስ ችሎታቸውንም መረመረ። ቀኑን ጠየቃቸው፣ ከነአየሩ ጠባይ ነገሩት። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቁጠሩ ሲላቸው እስከ ሁለት ወረዱና «ሌላ የምቀንስልህ አለ? ጋዋንህን ባሳጥርልህ ይሻል ነበር፣ ወለል ይጠርጋል» አሉት። ሐኪሙ ጋዋኑን ሰብሰብ አደረገ።

ሁሉም አልቋል ሲባል ግን ረቡዕ ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ መዝገቡን ይዛ ኢንስፔክተሩ ቢሮ ገባች።

«አንድ ችግር አለ» አለች። «ተጠርጣሪው ሌላ መከላከያ የለውም፣ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የያዘው፤ የእናንተን። 'ወደቅኩ ብለዋል' ይላል፣ በፖሊስ ፊርማ። ሴትየዋ ያኔ ወደቅኩ ብለው ዛሬ ደበደበኝ ካሉ፣ ይረሳሉ የሚለው ሰው ይታመናል። ዳኛው ከሰዓት ያያል። ከለቀቀው ነገ ሐሙስ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን አየ። «ሰውዬው ነው የተናገረው እንዴ?»

«እሱ ነው። እሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ለብቻቸውም አላነጋገርኳቸውም።»

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚወዳት አለቃዋ ነው። «ስሚ ማስመሪያ፣ የእድገትሽ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በዚህ ሳምንት ይሄን ከጻፍሽ… ሁለቱንም ወረቀት አያይዘን ብንልክ፣ ዳኛው ራሱ ያመዛዝን ብንል?»

እውነት ለመናገር ሳጅኗ ፈታኝ ሆኖባታል። አምስት ዓመት የጠበቀችው እድገት ነው። ለባሏም፣ ለእናቷም፣ ለጎረቤትም አውርታ ጨርሳለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ብዕሯን አንስታ የቢሮ አማርኛ ሳትጨምር፣ ራሷ በምትናገርበት አፍ ጻፈች፦

«ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። እማማን የጠየቅኋቸው የወንድማቸው ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው። ወደቀች ያለው እሱ ነው፤ እኔ እሳቸው እንዳሉት አድርጌ ጻፍኩት። ይህ ውሸት ነው፣ ውሸቱም የእኔ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ወር ተቆልፎባቸው ኖረዋል።»

ኢንስፔክተሩ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። «ደረቅ!» አላትና ፈረመበት። የእድገቷን ደብዳቤም አንስቶ ወደ መሳቢያው መለሰው፤ እሷም ሲመልሰው አየች።

ከሰዓት በኋላ ዳኛው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለቱንም የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የመጀመሪያው ትክክል አይደለም።»

ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት እማማ መቀስ ሳይፈቀድላቸው ብድግ አሉ። «አልወደቅኩም!» አሉ፣ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው ሊያስቀምጣቸው ሲጠጋ ዳኛው በእጁ ተወው አለው። «ይመዝገብ» አለ ዳኛው፣ «ልክ እንዳሉት።» የወንድምየው ልጅ ክሱ እስኪታይ ድረስ ከዚያ ቤት እንዲወጣ፣ ወደ ሰፈሩም ድርሽ እንዳይል ታዘዘ።

ሐሙስ ጠዋት ሳጅኗ ተረኛ አልነበረችም። ቢሆንም መጣች። ቁልፍ ሠሪው አዲሱን ቁልፍ ገጥሞ ጨርሷል፤ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ከውጭ በኩል ማጠፊያው ተነቅሎ ቀዳዳው ብቻ የቀረ። እማማ መቀስ ቁልፉን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ጫማቸውን አደረጉ፣ ኪስ ያለውን ቀሚሳቸውን ለበሱ፣ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ። እዚያ ላይ ትንሽ ቆዩ። ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥታ ታጨበጭባለች፣ መድኃኒት የሚጠብቁት ሰዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው ያጨበጭባሉ።

ወረዱ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ከዚያ ማን ያቁማቸው! ሳጅኗ ከጎናቸው ሶምሶማ ቀረሽ እርምጃ ያዘች።

«እማማ፣ ወዴት ነው የምንሄደው? ገበያ ነው? ዘመድ ጋ ነው? ልሸኝዎት፣ ታክሲ ልጥራ?»

እማማ መቀስ ቆም አሉ። ዞረው አዩዋት፣ ፊታቸው ፀሐይ ላይ ሆኖ።

«የትም» አሉ።

«የትም?»

«ሁለት ወር ሙሉ ከወንበሬ በተነሳሁ ቁጥር ወዴት ነው እባላለሁ። ሽንት ቤት ስሄድ ወዴት ነው፣ መስኮት ስጠጋ ወዴት ነው። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው መሄድ የምፈልገው፣ ልጄ። አንቺም አትጠይቂኝ።»

ሳጅኗ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራዋን የምትበላው ሰው እየጠየቀች ነው። ያን ቀን ግን አፏን ዘግታ፣ ወደ ሄዱበት አብራቸው ሄደች።